ለእህቴ ልጅ፦ ከሳሎኑ በፊት ሰርቪሱን ሣይው

ልጄ፣ የላክሽልኝን ፕላን መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ መኝታ ቤቶቹም ፀሐይ ያገኛሉ። ጓሮ ላይ ግን አንድ ሜትር ተኩል በሁለት የሆነች ሳጥን ተሥላ «ስቶር» ተብሎባታል። እንጀራው የት ሊጋገር ነው? ልብሱስ? ሮቶው ምን ላይ ሊቀመጥ ነው? ያደግሽው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ አልፈርድብሽም። መቀሌ ላይ በራስሽ ግቢ ስትሠሪ ግን የቤቱን ሥራ የሚሸከመው ሰርቪሱ ነው፤ ሲተርፍ የሚሰጠው ቦታ ሊሆን አይገባም። መሠረት ሳይቆፈር የምልሽን ስሚኝ።

1. ከውሃው ጀምሪ። መቀሌ ውሃዋን በብዛት የምታገኘው ከዓይናለም ጉድጓዶች ነው፤ ከተማዋ ደግሞ ከውሃዋ ፈጥና አድጋለች። ስለዚህ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ግፊቱ ብዙ ጊዜ ደካማ ስለሆነ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ድረስ አይወጣም። መላው ሁለት ማጠራቀሚያ ነው፦ አንዱ መሬት ላይ፣ ቧንቧው በራሱ የሚሞላው፤ ሌላው ከፍ ብሎ፣ በፓምፕ የሚሞላ። መሬት ላይ ላለው ከሥሩ ቧንቧ አስገጥሚለት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ያኔ ባልዲ ይዞ መቅዳት ይቻላል።

መጠኑን በግምት አትግዢ። አምስት ሰው በቀን 40፣ 40 ሊትር ቢጠቀም 200 ሊትር ነው፤ ለዐሥር ቀን 2,000 ሊትር ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ይህ ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን ይሆናል። ግንበኛው «የሮቶውን ማማ ብረት በብረት በይጄ እሠራልሻለሁ» ካለሽ መሐንዲሱን ጠይቂ እንጂ እሺ አትበይ። የሰርቪሱ ጣሪያ ከመጀመሪያው የአርማታ ሶሌታ ሆኖ ለዚህ ሸክም ከታሰበ ሮቶው እዚያው ይወጣል፤ የተለየ ማማ አያስፈልግሽም።

ክረምቱንም አትርሺ። መቀሌ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ነው፤ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርደው ይህ ዝናብ 30,000 ሊትር ነው። ብክነቱ ተቀንሶም ልብስ ለማጠብና ለመጸዳጃ ብዙ ይተርፋል። አሸንዳው በመሬት ማጠራቀሚያው በኩል ይውረድ፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ግን ወደ ውጭ ይፍሰስ።

2. ውሃችን ኖራ አለው። ከተማዋ የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ ላይ ነው፤ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የምታይው ነጭ ቅርፊት ከዚያ የመጣ ነው። ያው ቅርፊት የልብስ ማጠቢያ ማሽኑንና የሻወሩን ማሞቂያ ብረት ይሸፍናል፤ ብረቱ ይግላል፣ መብራት ይበላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። በየማሽኑ መግቢያ መዝጊያና ማጣሪያ ይግባ። ለማንቆርቆሪያው አቼቶ ወይም ሎሚ ይበቃዋል።

3. ለምጣዱ የራሱን መስመር ስጪው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ከፍሪጅና ከካውያ ጋር በአንድ ሶኬት ማከፋፈያ የሚሠራበት ቤት ብዙ ነው፤ ሶኬቱ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይሸታል። ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የግድ ደግሞ ኧርዝ ይኑረው፤ የምትጋግሪው እርጥብ ወለል ላይ ቆመሽ ነውና። ምጣዱን 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ላይ አስቀምጪው። እኛ ቁጭ ብለን ጋገርን፤ ወገባችንን ብትጠይቂው ይነግርሻል።

በእንጨት የሚሠራው የድሮ መጋገሪያ፣ ሞጎጎም፣ ቦታ ይኑረው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ መብራት ሲጠፋ፣ የድሮ ምድጃውን «አስቀያሚ ነው» ብሎ ያፈረሰ ሰው የጎረቤት ደጃፍ ጠንቷል። «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ብታስገቢ ከጉልቻ ይልቅ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንስልሻል።

4. ጭሱ መውጫ ይኑረው። እዚሁ አጠገባችን አሸጎዳ ላይ በ2006 ዓ.ም. የተመረቁት 84ቱ የነፋስ ተርባይኖች ለጌጥ የቆሙ አይደሉም፤ ይህ ነፋሳም አገር ነው። ቦታሽ ላይ በበጋ ሄደሽ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ራስሽ እዪ፤ የሞጎጎው ጭስ ወደ መኝታ ቤትሽ እንዳይሄድ ሰርቪሱን በዚያ ልክ አዙሪው። አንድ ክፍት ቦታ ከላይ፣ አንድ ደግሞ በተቃራኒው ግድግዳ ከታች ይሁን። የጋዝ ሲሊንደር ካለሽ የታችኛው ክፍተት የግድ ነው፤ የሚያመልጠው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩን ራሱን ግን ውጭ፣ ጥላ ውስጥ አኑሪው። ጄኔሬተርም እንዲሁ ውጭ።

5. ሰው አታስተኚበት። ይህን ሳልጠየቅ ነው የምናገረው። በየሰርቪሱ የምናየው አንድ ነገር ነው፦ ምድጃው እዚህ፣ ከሰሉ ማዳበሪያ ውስጥ እዚያ፣ ሮቶው ከላይ፣ የሠራተኛዋ ፍራሽ ደግሞ መሐል ላይ። የከሰል ጭስ ባይታይም የሚገድለው ጋዝ አለ፤ አይሸትም፣ የተኛን ሰው አያነቃም። ብርድ ቀን ምድጃ አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው ያልተነሡ ሰዎች ወሬ በየዓመቱ እንሰማለን። ቤትሽ ውስጥ የምታግዝሽ ልጅ ካለች መስኮትና መቀርቀሪያ ያለው የራሷ ክፍል ሥሪላት፤ ግድግዳው ከመጋገሪያው የተለየ ይሁን። ቦታ ጠበበ ካልሽ ከሳሎኑ ቀንሺ። ሳሎንሽ አንድ ሶፋ ቢያንሰው እንግዳ አይቀርብሽም።

6. ማሽን ገዛሁ ብለሽ የሲሚንቶ ማጠቢያ ገንዳውን አታስቀሪ። ብርድ ልብስና ጋቢ በእጅ ነው የሚታጠቡት። አውቶማቲክ ማሽን ደግሞ ከቧንቧው ግፊት ይጠይቃል፤ የሮቶው እያንዳንዱ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ነው። ከመግዛትሽ በፊት መመሪያው ላይ ዝቅተኛውን ግፊት አንብቢ። ከፍታሽ ካልበቃ በባልዲ የሚሞላው ሰሚ አውቶማቲክ ይሻልሻል፤ ውሃውንም መልሰሽ ለመጸዳጃ ለመድፋት ይመቻል። ገንዳው 85 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ወለሉ በሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፍሳሽ መውረጃው ያዘንብል። የሚያንሸራትት ሴራሚክ አታንጥፊ።

7. ማከማቻውን ለምታከማቺው ነገር ለኪው። አያቶችሽ በህድሞ ቤት ውስጥ እህሉን የሚያኖሩባቸው ጎታዎች ራሳቸው ክፍል ይለዩ ነበር፤ ቤቱና ዕቃው አብረው የታሰቡ ናቸው። አንቺም ጤፉን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ የማኅበር ድስቱን፣ የስዋውን ጋን ዘርዝሪና ጻፊው። ጤፍ መሬት አይንካ፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳውም ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በርበሬና ሳሙና አንድ መደርደሪያ ላይ አይገናኙ።

8. በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ 70 ብሎ ያመጣልሽን አናጢ መልሺው። ማሽንሽም ድስትሽም በዚያ እንደ ልብ አይገቡም። ወደ ውጭ ይከፈት፣ ደፉም ከጓሮው ትንሽ ከፍ ይበል። የታረመውን ፕላን ስትልኪልኝ የእያንዳንዱን ዕቃ ወርድ ጽፈሽበት ላኪ፤ የውሃውን መስመር በሰማያዊ፣ የመብራቱን በቀይ ሣይልኝ። አጎትሽ ግንበኛውን ለመቅጠር ፕላኑን ይጠብቃል።