ውዝዋዜ የሚማር ሁሉ አንድ ነውን?

ውዝዋዜ ለወላጆች ቀን ብቻ የሚታወስ ጨዋታ አይደለም። አካልን ያፍታታል፣ ጆሮን ከምት ጋር ያስማማል፣ ልጆችን አብሮ መሥራት ያስተምራል። ነገ ተመድበን ስንሄድ የኪነ ጥበብ ክበብ ኃላፊነት ለብዙዎቻችን መድረሱ ስለማይቀር ከአሁኑ ልናስብበት ይገባል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ማን ጎበዝ ነው?» ብለን ሳይሆን «ልጁ ለምን መጣ?» ብለን ነው። በእኛ አስተያየት ሦስት ደረጃዎች አሉ።

፩ኛ/ ለደስታ የሚማር። አብዛኛው የክፍል ልጅ እዚህ ውስጥ ይገባል። በሠርግና በዓመት በዓል ከሰው እኩል እስክስታ ቢመታ ይበቃዋል። ከእሱ የሚጠበቀው መሳተፍና በሌላው አለመሳቅ ነው። መምህሩም «ትከሻህ እንጨት ነው!» ከማለት ይቆጠብ። አንዴ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አይነሳም።

፪ኛ/ ለመድረክ የሚለማመድ። እዚህ ላይ ሰዓት ማክበር ግዴታ ነው። በጥንድ በሚሠራ ውዝዋዜ አንድ ሰው ሲቀር የቀረው እሱ ብቻ አይደለም፤ ጓደኛውም ሥራ ፈትቶ ዋለ ማለት ነው። ይሁንና ፍላጎት ማጣትና ጊዜ ማጣት ለየብቻ ናቸው። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ የምትመጣ ልጅ ብታረፍድ «ሰነፍ» ብሎ ከመሰረዝ በፊት የልምምዱን ሰዓት ማስተካከል የመምህሩ ፈንታ ነው።

፫ኛ/ ሙያው ሊያደርገው የቆረጠ። ይህ የዓመታት ሥራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1738 በሴንት ፒተርስበርግ የተመሠረተውና ዛሬ በቫጋኖቫ ስም የሚጠራው የባሌ ትምህርት ቤት ልጆችን በአሥር ዓመታቸው ገደማ ተቀብሎ ስምንት ዓመት ያህል ያሠለጥናል። በአገራችንም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ «አዱኛ» በሚል ስም የታወቀው የዳንስ ቡድን ወጣቶች አምስት ዓመት ሠልጥነዋል። ከመካከላቸው የጎዳና ኑሮን የቀመሱ ነበሩ። ስለዚህ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ሲገኝ ማጨብጨብ ብቻውን አይበቃም፤ መንገዱ ረጅም መሆኑን ለእሱም ለወላጆቹም በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። ትምህርቱንም እንዳይተው መምከር አለብን።

ለሦስቱም የማይለወጥ ነገር አለ፤ እሱም ሰውነትን ማሟሟቅ ነው። እስክስታ አንገትና ትከሻ ላይ ይበረታል። የጉራጌ ጭፈራ ደግሞ በፍጥነቱ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይፈትናል። ሕመም ሲሰማው የሚያቆም ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ እያመመው እንዲቀጥል የሚያስገድድ መምህር ግን ጥፋተኛ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በየሴሚስተሩ መጀመሪያ እያንዳንዱን ልጅ ፍላጎቱን ጠይቀን እንመዝግብ፣ በመካከሉም እንደገና እንጠይቅ። ለጨዋታ የመጣው መድረክ ሊያምረው ይችላል፤ መድረክ የሰለቸውም ያለ ኀፍረት ወደ ጨዋታው ይመለስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በሩን ክፍት ማድረግ የእኛ፣ መራመዱ የልጁ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ አራተኛ ደረጃ አለ የምትሉ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉልን፤ እንከራከርበታለን።