በቍር ወራት ስለ ደጋ አጋዘንና ስለ መጠለያው ዱር አጠባበቅ

በባሕር ማዶ ክረምት ሲባል በረዶ የለበሰ ዱርና ምግብ ያጣ አውሬ ይታሰባል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ክረምት የዝናምና የጭቃ ወራት ነው፤ ብርቱው ቍር የሚመጣው ሰማዩ በጠራበት በበጋ፥ ይልቁንም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በባሌ ተራሮች፥ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሳነቴ አምባ ላይ፥ በዚህ ወራት የሌሊቱ ብርድ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ወርዶ ተለክቶአል። በማግሥቱ ቀትር ላይ ግን ፀሐይ ታቃጥላለች። እንግዲህ የደጋ አገር ሹምና ባለመሬት አውሬ የሚጐዳበት ወራት በጋው መሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

በዚህ ቍር ውስጥ ከሚኖሩት አራዊት አንዱ የደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ሪቻርድ ሊደከር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1910 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቈጣጠር ስም ሰጥቶ በመጽሐፍ አስገባው። ወንዱ ጠምዛዛ ቀንድ ያለው ሲሆን እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቲቱ ቀንድ የላትም። ዛሬ ቍጥሩ ጥቂት ስለ ሆነ ሊጠፉ ከሚያሠጉት እንስሳት መካከል ተመዝግቦ ይገኛል።

አጋዘን ቍርን የሚያሸንፍበት ኀይል ሁለት ነው፤ አንዱ ሆዱ፥ ሁለተኛው ዱሩ ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ ስለ ሆነ የበላው ቅጠል በሆዱ ውስጥ ሲብላላ ሰውነቱን ያሞቀዋል። ዱሩ የሚረዳውም እንዲህ ነው። ሰማይ በጠራ ሌሊት ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ላይ ትሰጣለች፤ የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ ሜዳው በውርጭ ሲነጣ፥ ከጽድና ከኮሶ ዛፍ ሥር ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ሳይነጣ ያድራል፤ ቅርንጫፉ እንደ ቤት ጣራ ሙቀቱን ይከለክላልና ነው። አጋዘን ይህን ዐውቆ ሌሊት ወደ ዱር ይገባል፤ ማለዳ ፀሐይ ወደሚመታው ዳርቻ ወጥቶ ጭቁኝን፥ አምጃንና ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠልን ይመገባል። ዛፉ የተቈረጠበት አጋዘን ጥይት ሳይነካው በብርድ ይጐዳል።

ሁኔታውን ለመመልከት የሚሻ ሹም ጎሕ ሲቀድ፥ ነፋሱ ከአውሬው ወደ እርሱ በሚነፍስበት በኩል ይቁም፤ ከሩቅ ይይ እንጂ አይቅረብ። ወንዱን፥ ሴቲቱንና ግልገሉን ለይቶ ይቍጠር፤ ቀኑን፥ ስፍራውንና ውርጭ መጣል አለመጣሉን ይጻፍ። በየወሩ ከዚያው ስፍራ ቢመለከት የመንጋውን መጨመርና መቀነስ በውነት ያውቃል። ጎድኑ የወጣ፥ ጠጕሩ የቆመ፥ ከመንጋው ወደ ኋላ የሚቀር አውሬ ቢያይ ለከብት ሐኪም ያስታውቅ፤ የሞተውንም ማንም በባዶ እጁ አይንካው።

በዚህ ወራት ሊደረግ የሚገባው ጥበቃ የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ የጽድ፥ የኮሶና የአምጃ ዱር ለማገዶና ለአጥር እንዳይቈረጥ መጠበቅ። ማገዶ ለሚያስፈልገው ሕዝብ በየመንደሩ ዳር ዛፍ ማስተከል።

2ኛ፤ ለግጦሽ ብሎ አስታ የሚያቃጥለውን መከልከል። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና ዱር የተነሣው እሳት ብዙ ሳምንት ነድዶ፥ ለማጥፋት ከውጭ አገር ሳይቀር ረዳት መጥቶአል።

3ኛ፤ ውሾች ወደ ዱር እንዳይገቡ ማድረግ። ውሻ ግልገል ያሳድዳል፤ በሽታም ያመጣል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ከውሻ የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቶአል። ስለዚህ የመንደር ውሻ ሁሉ ክትባት ማግኘት አለበት።

4ኛ፤ አጋዘን በማለዳ ሲመገብ ከብት ነድቶ አለማባረር። ሌሊቱን በቍር የደከመ እንስሳ በሩጫ ያለቀበትን ኀይል መልሶ ለማግኘት በደረቁ ወራት ይቸገራል።

5ኛ፤ አጋዘን ገብስ በበላበት ጊዜ ገበሬው ለብቻው እንዳይጐዳ ጕዳቱን መርምሮ መጻፍና ለበላይ ማስታወቅ፤ ማሳውንም የሚጠብቁ ሰዎችን ማደራጀት። አቤቱታው ያልተሰማለት ገበሬ የአውሬ ወዳጅ ሊሆን አይችልም።

ምግብ መስጠት ይሻላል የሚል ሰው ይገኝ ይሆናል። በአሜሪካ፥ በዋዮሚንግ፥ በ1912 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቈጣጠር ለትልልቅ አጋዘኖች መጠጊያ ተከልሎ በክረምት ድርቆሽ ሲሰጣቸው ኖሮአል። ከረኃብ አድኖአቸዋል፤ ነገር ግን ብዙ እንስሳ ባንድ ስፍራ ስለ ተሰበሰበ የሚያስጨነግፍ በሽታ በመካከላቸው ጸንቶ ቀርቶአል። በባሌ በረዶ ቅጠሉን ለወራት ስለማይሸፍነው ምግቡ ከዱሩ ይገኛል፤ እንስሳው የሚሻው ጠባቂ ነው።

የጥበቃ ጥቅም በዐይን ታይቶአል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ አጋዘኑ በዝቶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሥርዐት ስለ ላላ በጋይሳይ ሜዳ ብዙው ተገደለ፤ ጥበቃው ሲመለስ ግን ቍጥሩ ቀስ በቀስ አገገመ። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። መዝገቡ ክብር ነው፤ በኅዳር ሌሊት ለአጋዘኑ መጠለያ የሚሆነው ግን ዱሩ ነው። ዱሩም የሚቆመው የየወረዳው ሹምና ባለመሬት ተግተው ሲጠብቁት ነው።