ከወገብ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት ለምን እምቢ ይላል?

የወገብ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው የእግሩ ሕመም ታግሦለት ሳለ ያልታሰበ ችግር ሊገጥመው ይችላል፤ ፊኛው ሞልቶ ሽንት አልወጣ ይለዋል። በተለምዶ «ሽንት እምቢ አለኝ» የሚባለው ይህ ሁኔታ በሕክምናው ቋንቋ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት የሽንት መታገድ ይባላል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከ100 ታካሚዎች ውስጥ ከ5 ገደማ እስከ 40 የሚጠጉት ችግሩ እንደሚደርስባቸው ያመለክታሉ። ልዩነቱ የሰፋው የአጥኚዎቹ መስፈርት አንድ ባለመሆኑና ታካሚዎቹም በዕድሜና በቀዶ ሕክምናው ዓይነት ስለሚለያዩ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ በአገራችን የዚህ ሙያ ባለቤቶች ቁጥር እያደገ መጥቷል። በሌላ በኩል ግን ከጎንደር በስተምዕራብ፣ በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአይከል ከተማና በአካባቢዋ የሚኖር ታካሚ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሽንቱ ቢታገድበት ተመልሶ ለመምጣት ረጅም ጉዞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማን ይበልጥ እንደሚጋለጥ አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ነው።

የፊኛ አሠራር

የጤነኛ አዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ይይዛል። ለሽንት የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የፊኛው ግድግዳ ጡንቻ መኮማተርና የመዝጊያው ጡንቻ መላላት። ግድግዳውን እንዲኮማተር የሚያዝዙት ነርቮች የሚነሡት ከሕብለ ሰረሰር የታችኛው ክፍል፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው የሳክረም ደረጃ ነው። ሕብለ ሰረሰር ራሱ በአዋቂ ሰው በ1ኛውና በ2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ስለሚያበቃ፣ እነዚህ ነርቮች እንደ ፈረስ ጭራ ተዘርግተው በወገብ አከርካሪ መካከል ቁልቁል ያልፋሉ። ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው እንግዲህ በእነርሱ ጎረቤት ነው።

አጋላጭ ሁኔታዎች

የመጀመሪያዎቹ ከታካሚው ጋር የሚመጡ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ የፊኛ ጡንቻ ይደክማል። በወንዶች ላይ የፕሮስቴት ዕጢ ሲያድግ የሽንት መውጫውን ያጠብባል። ለብዙ ዓመታት የቆየ የስኳር በሽታ የፊኛን ነርቮች ይጎዳል። ከዚህ ቀደም ሽንት ታግዶበት የነበረ ሰውም በተለይ ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለተኛዎቹ ከመድኃኒት ጋር የተያያዙ ናቸው። ሞርፊንና መሰሎቹ የሕመም ማስታገሻዎች የመሽናት ስሜትን ያደበዝዛሉ፤ የፊኛን መኮማተርም ያዳክማሉ፤ አንጀትን ስለሚያደርቁም የሆድ ድርቀቱ ችግሩን ያባብሳል። በጀርባ የሚሰጥ ማደንዘዣ ኃይሉ እስኪለቅ ድረስ የፊኛን ነርቮች ያግዳል። አትሮፒንም ፊኛው እንዲኮማተር የሚያዝዘውን ኬሚካላዊ መልእክት ይከለክላል።

ሦስተኛዎቹ የቀዶ ሕክምናው ጊዜ የሚያመጣቸው ናቸው። ቀዶ ሕክምናው በረዘመ ቁጥር በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ይበዛል። በምሳሌ እንመልከት፤ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ሽንት የሚያመርት ሰው በ8 ሰዓት 480 ሚሊ ሊትር ያጠራቅማል። በፈሳሹ ብዛት ምርቱ እጥፍ ቢሆን 960 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ይህም ከፊኛው አቅም በላይ ነው። ከልክ በላይ የተለጠጠ ጡንቻ ደግሞ የመኮማተር ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መታገዱ ራሱ ሌላ መታገድን ይወልዳል። ከአልጋ ሳይነሡ መቆየት፣ ሕመምና በሰው ፊት ተኝቶ ለመሽናት ማፈርም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

አስቸኳይ ምልክት

አብዛኛው የሽንት መታገድ ጊዜያዊ ነው። ነገር ግን በኮርቻ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻውን የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ እግር አዲስ ድካም ካሳየ ወይም ሰገራን መቆጣጠር ካቃተ፣ የተጠራቀመ ደም ወይም ሌላ ነገር ነርቮቹን ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ መታየት ያለበት አደጋ ነው፤ ከዘገየ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል።

ምን ይደረግ?

ታካሚው ስለ ሽንት ችግሩና ስለሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሳያፍር ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ ሲፈቅድ ቶሎ መነሣትና መራመድ፣ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ለመሽናት መሞከር ይጠቅማል። ፊኛው መሙላቱ በአልትራሳውንድ ሊለካ ይችላል፤ ከታገደም በቱቦ ይለቀቃል። ቱቦው ግን ሳያስፈልግ ከቆየ ለኢንፌክሽን በር ስለሚከፍት በጊዜው መውጣት አለበት።

አስታማሚዎችም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ጥቂት በጥቂት የሚንጠባጠብ ሽንት ፊኛው ባዶ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ከአቅሙ በላይ የሞላ ፊኛ ትርፉን ብቻ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላልና። ወደ አይከልም ሆነ ወደ ሌላ ሩቅ ስፍራ የሚመለስ ታካሚ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት በሚገባ መሽናቱ ይረጋገጥ።