ፍርፋሪ የሚለቅመው ጠፈርተኛ

ጥያቄ፦ በአማርኛ የተሠራ፣ ብዙ ሰው ያላየው የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ይኖራል? የሆሊውዱ ሰለቸኝ። (አንባቢ፣ ከየካ)

መልስ፦ አለ። “ክራምብስ” ይባላል፣ ፍርፋሪ እንደማለት ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገራችን ቀርጾት በ2007 ዓ.ም. በሮተርዳም ፌስቲቫል ታየ። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ብቻ ነው።

ዓለም ካለቀች በኋላ ነው ታሪኩ። ሰማይ ላይ ለዘመናት ቆማ የዛገች የጠፈር መርከብ በድንገት ትነቃለች። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ውዳቂ ለቃሚ ራሱን የሌላ ዓለም ፍጡር አድርጎ ስለሚያስብ “ልትወስደኝ ነው” ብሎ መንገድ ይጀምራል። ፍቅረኛው ሰላም ተስፋዬ ናት፤ ቤታቸው የተተወ የቦውሊንግ አዳራሽ፣ የምትጸልየውም ለማይክል ጆርዳን ነው! የኛ ዘመን የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ዋጋ ይወጣላቸዋል። እኔን የገዛኝ ይኸው ነው፤ መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ቀልዱ ቶሎ ይገባዋል። ፊልሙ የተቀረጸበት የዳሎል ምድር ደግሞ ያለ አንዳች የኮምፒውተር ጥበብ ሌላ ፕላኔት ይመስላል።

ፍንዳታና ሩጫ አይጠብቁ። ዝግ ያለ ነው፣ ብዙውንም ሳያብራራ ያልፈዋል። መሃሉ ላይ ይላላል ብል አላጋነንኩም።

ደግሞ የሚገርመው፣ ከእርስዎ ሰፈር በላይ እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የያዘው የጠፈር ምልከታ ማዕከል የተመረቀው በዚያው በ2007 ዓ.ም. ነው። ፊልሙን ሲያዩ የትርጉም ጽሑፉን ያጥፉት፤ የተሠራው በእርስዎ ቋንቋ ነው።