ምዕራፍ 6፦ መኪናዎን ከፍ ከማድረግዎ በፊት ምድር ሚዛን ላይ ያውጡት

ሶማሌ ተራ ገብተው «ለላንድክሩዘር ሊፍት ኪት ይኖራችኋል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ባለሱቁ ብዙውን ጊዜ የሚመልስልዎ «ባለ ስንት ኢንች?» ብሎ ነው። እርስዎም «ባለ ሁለት» ይላሉ፤ ዋጋ ይነገርዎታል፤ ክርክሩ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ስለ ክብደት የሚያነሣ ሰው አይገኝም። ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ያ ንግግር ከሌላ ቦታ እንዲጀመር ነው። ሞላና ባሌስትራ የሚመረጠው መኪናው ዘወትር በሚሸከመው ኪሎ ነው፤ ከፍታው ከዚያ የሚከተል ውጤት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ገንዘቤን አውጥቼ፣ ደንግጬም ነው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነበረኝ። «ጠንካራው ይሻልሃል» ተብዬ፣ ከኋላው 500 ኪሎ ቋሚ ጭነት ለሚሸከም መኪና የተሠራ ባሌስትራ አስገጠምኩ። ሲቆም ያምር ነበር፤ ጀርባው ቀና ብሎ የመንገድ ጌታ ይመስላል። የምጭነው ግን ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ጀሪካን ውሃና ድንኳን ብቻ ነበር። ወደ ቱርሚ ስንወርድ፣ ያኔ ጠጠር የነበረው መንገድ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ በተሸበሸበበት ቦታ፣ ቀላል ኩርባ ላይ የመኪናው ጀርባ እየነጠረ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ፍጥነቴ 50 እንኳ አልሞላም። አጠገቤ የተቀመጠው ታላቅ ወንድሜ የበሩን እጀታ ጨብጦ «ቀስ በል! ቀስ በል አልኩህ!» ይላል። የቆምነው ከቦዩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ባሌስትራው ጤነኛ ነበር። የሚያጎብጠው ጭነት ስላጣ ግን አልተለመጠም፤ ባሌስትራው ካልተለመጠ ደግሞ ጎማው መሬቱን ተከትሎ አይወርድም።

አሁን ስለ ከፍታው። ብዙ ሰው መኪናውን የሚያስነሣው «ሆዱ ድንጋይ እንዳይነካ» ብሎ ነው። ሐሳቡ ግማሽ እውነት ነው። እንደ ላንድክሩዘር 70 ያለ፣ ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ አክስል ያለውን መኪና በሰስፔንሽን 5 ሳንቲሜትር ቢያነሡት፣ ከፍ የሚለው ሻንሲውና ቦዲው ነው። የዲፈረንሻሉ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ሚሊሜትር አይጨምርም፤ አክስሉ የተሸከመው በጎማው ነውና። ዲፈረንሻሉን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በግማሽ። 265/70 የሆነ ባለ 16 ጎማ ዙሪያውን ሳይሆን ከጫፍ ጫፍ ሲለካ 777 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 265/75 ሲሆን 804 ይደርሳል። ልዩነቱ 27 ሚሊሜትር ቢሆንም ዲፈረንሻሉ የሚነሣው 13 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። ክረምት ላይ በዋልካ አፈር ውስጥ ከባድ መኪና በቀደደው ቦይ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ እዚያ መሬት የሚጎትተው ዲፈረንሻሉ ነው፤ ሊፍት ኪት ደግሞ ለዲፈረንሻሉ አይደርስለትም።

ታዲያ ሊፍት ኪት ምን ይሠራል? ሻንሲው ከፍ ሲል የፊት ፓራውልቱ ዳገት ሲጀምር አይመታም፤ የኋላው ከወንዝ ሲወጡ አይጎተትም፤ መሃሉም ጉብታ ላይ አይቀመጥም። ተለቅ ያለ ጎማ በፓራፋንጎው ስር ሳይታከክ እንዲዞር ቦታ ይገኛል። ወደ ኤርታሌ በሚወስደው የላቫ ድንጋይ ላይ እነዚህ ሁሉ ብዙ ዋጋ አላቸው። በሌላ በኩል መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር የክብደቱ ማዕከልም ከፍ ይላል፤ ኩርባ ላይ ይበልጥ ያዘነብላል። ስለዚህ የሚበቃው ከፍታ ከሚቻለው ከፍታ ያነሰ ነው። ለአገራችን መንገድ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሚፈልግ በደንብ ያስብበት።

የመኪናዎን እግር ማወቅ ቀጣዩ ነው። ላንድክሩዘር 70 ገበያ ላይ የዋለው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በረጅሞቹ ሞዴሎች ላይ እስከ 1999 ድረስ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ሆኗል። ወጥ አክስሉ ግን አልተለወጠም። ከ2005 ወዲህ ያለው ባለ 4×4 ሃይሉክስ ከኋላው ባሌስትራ ሲሆን፣ የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ክንድ ይንቀሳቀሳሉ። ፕራዶ 120 እና 150ም የፊታቸው እንዲሁ ነው፤ ከኋላ ግን ወጥ አክስል በሞላ ላይ ነው። ይህን ካላወቁ «ለቶዮታ የሚሆን» ተብሎ የሚሸጥልዎትን ሁሉ ሊገዙ ነው። ዱባይ ያለ ዘመድ እንዲልክልዎ ካሰቡም «የላንድክሩዘር» ብለው አይተዉት። ሙሉ የሞዴል ኮዱንና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንሥተው ይላኩለት፤ አለዚያ ዘመድዎ የሌላ መኪና ሞላ ተሸክሞ ይመጣል።

ከዚያ ምድር ሚዛን ይፈልጉ። ጠጠር ማምረቻ፣ የእህል መጋዘን፣ የብረታ ብረት ግዢ ያለበት ቦታ ሁሉ አይጠፋም። መኪናውን ዘወትር ለጉዞ እንደሚወጡበት አድርገው ይጫኑት፤ ታንኩ ይሙላ፣ ቤተሰቡም ይግባ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ ያቁሙና ይመዝግቡ፤ ቀጥሎ መኪናውን ሙሉውን፤ ከዚያ የኋላውን ብቻ። በሌላ ቀን ባዶውን ይድገሙት። ልዩነቱ የእርስዎ እውነተኛ ጭነት ነው፤ ከፊት ስንት፣ ከኋላ ስንት እንደሆነም ይነግርዎታል።

ሚዛን የማያገኙ ከሆነ ወረቀት ላይ ይደምሩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ናፍጣ በሊትር 840 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ በሁለት ታንክ 180 ሊትር የሚይዘው ላንድክሩዘር 78 በነዳጅ ብቻ 150 ኪሎ ይሸከማል። የብረት የፊት መከላከያ ከ40 እስከ 70 ኪሎ፣ ዊንች ከነሽቦው ከ35 እስከ 40 ኪሎ፣ ሁለተኛ ቅያሪ ጎማ ከነቸርኬው 35 ኪሎ ገደማ። ፖርቶመጋላና ላዩ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ተደምረው 100 ኪሎን ያልፋሉ። ሰው ደግሞ በአማካይ 75 ኪሎ ብለው ያስሉ።

ታዋቂዎቹ አምራቾች፣ ለምሳሌ በ1975 አውስትራሊያ ውስጥ የተመሠረተው ኤአርቢ «ኦልድ ማን ኢሙ» በሚል ስም የሚሸጣቸው ሞላዎች፣ ለአንድ ዓይነት መኪና በተለያየ ክብደት ተከፋፍለው ይመጣሉ። ከፊት መከላከያ ለሌለው፣ መከላከያ ላለው፣ መከላከያና ዊንች ላለው። ከኋላ ለቀላል፣ ለመካከለኛ፣ ለከባድ ቋሚ ጭነት። እዚህ ላይ ቁልፉ ቃል «ቋሚ» ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚጭኑት ጭነት አይግዙ፤ በየቀኑ አብሮዎት ለሚሄደው ይግዙ። በሁለት ምድብ መካከል ከወደቁ ቀለል ያለውን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን አይዘንጉ፤ ጠንካራ ባሌስትራ ማስገባት በሊብሬውና በአምራቹ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ አይጨምርም። ፍሬኑ፣ አክስሉና ሻንሲው ያው ናቸው።

ሾክ አብዞርበር ላይ አይሰስቱ። ሞላው መኪናውን ይሸከማል፤ ሾኩ ደግሞ ሞላው ከተጫነ በኋላ እየዘለለ እንዳይቀጥል ያደርጋል። ይህን የሚሠራው እንቅስቃሴውን በውስጡ ባለው ዘይት አማካይነት ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። በተሸበሸበ ጠጠር ላይ አንድ ሰዓት ከነዱ በኋላ ቆመው እጅዎን ወደ ሾኩ ያስጠጉ፤ አይንኩት፣ ያቃጥላል። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲግል ይቀጥናል፣ አረፋ ይሠራል፣ ሾኩም ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላበት፣ ወፈር ያለና ብዙ ዘይት የሚይዝ ሾክ ለረጅም ኮረኮንች መንገድ ይሻላል። ርዝመቱም ከአዲሱ ከፍታ ጋር መስማማት አለበት። ሞላውን አስነሥቶ የድሮውን ሾክ የሚተው ሰው፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሾኩ እስከ መጨረሻው ተለጥጦ «ኳ!» ሲል ይሰማል። ያገለገለ ሾክ ደግሞ ርካሽ ቢሆንም አይግዙ፤ ውስጡ ከውጭ አይታይም።

ከሞላው ላይ የሚቀመጥ ማስነሻ ቀለበት ወይም ከባሌስትራው ስር የሚገባ የብረት ብሎክ ከፍታ ይሰጣል እንጂ የመሸከም አቅም አይሰጥም። የፊት ባሌስትራ ስር ብሎክ ማስገባት፣ ወይም ብሎክ በብሎክ ላይ መደርደር ግን አደጋ ነው፤ በፍጹም አይፍቀዱ።

መኪናው ሲነሣ አብረው የሚዛቡ ነገሮች አሉ። በሃይሉክስና በፕራዶ ከፊት ከ5 ሳንቲሜትር ካለፉ፣ ሲቪ ጆይንቱ ከሚገባው በላይ ተቆልምሞ ይሠራል፤ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ አቧራ ይገባዋል። ከፊት ሞላ ባለው ባለ ወጥ አክስል ላንድክሩዘር ላይ ደግሞ የፊት አክስሉ ዘንበል የሚልበት ማዕዘን፣ መካኒኮች ካስተር የሚሉት፣ ይቀንሳል። ያኔ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ መመለሱን ይረሳል፤ አስፋልት ላይም ይቅበዘበዛል። ለዚህ የተዘጋጀ ማስተካከያ ቡሽ አለ፤ ከኪቱ ጋር አብረው ይግዙት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። አንድ ወጣት መካኒክ ከሃይሉክሴ ስር ሆኖ «ጋሼ፣ እስኪ ዝቅ ብለው ይዩልኝ» አለኝ። ተንበረከክሁ። በባትሪ ያሳየኝ ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ ነበረች። የፍሬን ግፊት የምታከፋፍለው ቫልቭ ዘንግ ናት። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጓ ትንቀሳቀሳለች፣ ቫልቩም ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። መኪናዎን ሲያነሡት ግን ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ የሆነ ይመስለዋል። ሙሉ ጭነት ይዘው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ፣ ኋላው መያዝ ያለበትን ያህል አይዝም። «ያስነሡት ሰዎች ይቺን አልነኳትም፤ የፍሬን ቱቦውም ተወጥሯል፣ ይዩት» አለኝ። ቱቦውን በጣቴ ነካሁት፤ እንደ ክራር ጅማት ተገትሯል። ማስተካከያው የዘንጓን ማሰሪያ በተነሣው ልክ ማስረዘምና ረዘም ያለ ቱቦ መግጠም ብቻ ነበር። ይህ ቫልቭ በመኪናዎ ላይ መኖሩን ይጠይቁ፤ ካለ ሳይስተካከል ከጋራዥ አይውጡ።

ሲገጠም አጠገቡ ይቁሙ። ከመፈታቱ በፊት በአራቱም ጎማ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለክተው ይጻፉ፤ ያለዚያ ስንት እንደተነሣ በኋላ ማወቂያ የለዎትም። የላስቲክ ቡሾቹ ብሎኖች የመጨረሻ መጥበቅ ያለባቸው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀርና በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ዊል አላይመንት ያሠሩ፤ የፊት መብራቱንም ዝቅ ያስደርጉ፣ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራልና። 500 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ተመልሰው ብሎኖቹን ሁሉ ያስጠብቁ፤ በተለይ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩትን።

እንግዲህ ሱቅ ሲገቡ ባለሱቁ «ባለ ስንት ኢንች?» ሳይልዎት እርስዎ ይቅደሙት። «ይህ ሞላ ለስንት ኪሎ ቋሚ ጭነት ነው የተሠራው?» ይበሉት። መልሱን ካላወቀ፣ ወይም «ለሁሉም ይሆናል» ካለዎት፣ አመስግነው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።