በመጠለያ ጣቢያ የአእምሮ ጤና አማካሪ ተግባር

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው ተፈናቅሎ ወደ መጠለያ ጣቢያ ለሚደርስ ወገን እህል፣ ውሃና መድኃኒት በቅድሚያ እንደሚያስፈልጉት አያከራክርም። ሆኖም የእህል ተራው ደርሶ ስሙ ሲጠራ የማይነሣ ሰው ይኖራል። «ሰነፍ» ይባላል፤ ራሽኑም ያልፈዋል። ሐዘን ወይም ድባቴ አቅሙን እንደ ነሣው የሚረዳለት ከሌለ፣ በተከመረ እህል አጠገብ ሊራብ ይችላል። የአማካሪው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አማካሪ ማለት ተጎጂውን አስቀምጦ የደረሰበትን መከራ ሁሉ የሚያናዝዝ ሰው የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ይህን አሠራር የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። ድርጅቱ ከሌሎች ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሦስት ተግባራትን ያስቀምጣል፤ እነርሱም ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት ናቸው። ማዳመጥ ሲባል ተጎጂው የፈለገውን ያህል ሲናገር መስማት፣ ዝም ሲልም አብሮ ዝም ማለት ነው።

በእኛ አገር ልምድ ከሁሉ የሚከብደው ማገናኘት ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በሠፈራ ሲጓጓዝ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩበት ጊዜ ነበር። የሞተበት ሰው አልቅሶ፣ ተዝካር አውጥቶ ይጽናናል፤ ዘመዱ የት እንደ ደረሰ ያላወቀ ግን ማልቀሱም ተስፋ ማድረጉም ያስፈራዋል። ለእንዲህ ያለችው እናት ከምክር ይልቅ የልጇን ስም፣ የአባቱን ስምና የትውልድ ቀበሌውን በጥንቃቄ የሚጽፍ መዝጋቢ ይበልጥባታል። ስለዚህ አማካሪው ጠረጴዛውን ከመዝጋቢው አጠገብ ቢያደርግ፣ ቤተሰብም በአንድ መኪና እንዲሳፈር ቢከራከር ከሥራው አልወጣም። የለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ማስፈቀድም የእርሱ ድርሻ ነው።

የአእምሮ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲፈናቀል ሕክምናው ሊቋረጥ ስለሚችል፣ በምዝገባው ዕለት ሊጠየቅ ይገባል። ራሱን ለመግደል የሚያስብ፣ እህልና ውሃ እምቢ ያለ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ባለሙያ ይላካል፤ እስኪደርስም ብቻውን አይተውም።

የባለሙያ ቁጥር ማነሱ ሥራውን ሊያስቀር አይገባም። ድርጅቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአምስት ሳምንት የምክር ዘዴ ሠልጥነው በባለሙያ ክትትል በሚሠሩ ተራ ሰዎች እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ከሠፋሪው መካከል ቋንቋውንና የለቅሶ ሥርዓቱን የሚያውቁ፣ ምሥጢር የሚጠብቁ ሰዎች ቢመረጡ ይበጃል።