በእጅ የሚያዝ የሞዴል ባቡር መቆጣጠሪያና የሚሞሉ ድንጋዮቹ

በአውሮፓ፥ በአሜሪካና በጃፓን ትንንሽ ባቡር ሠርቶ ማስኬድ አዋቂዎች ሳይቀሩ ማኅበር አቋቁመው የሚሠሩበት ጥበብ ነው። በጣም የተለመደው መጠን ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን፥ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል። ዛሬ ብዙዎች ባቡራቸውን የሚነዱት ገመድ በሌለው፥ በሬድዮ ሞገድ በሚሠራ የእጅ መቆጣጠሪያ ነው። ባቡሩ ኃይሉን ከሐዲዱ ያገኛል፤ መቆጣጠሪያው ግን የሚሠራው በድንጋዮቹ ኃይል ነው። እነዚህ በድንገት ቢደክሙ፥ በአንዳንዱ አሠራር ባቡሩ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ መሮጡን ይቀጥላል፤ የሚያቆመውም ያጣል። ይህን ምሳሌ የመረጥነው ያው ድንጋይ በሬድዮናችንም በእጅ መብራታችንም ውስጥ ስለሚገኝ ነው።

የተለመደው አቤቱታ «ትናንት ሞላሁት፥ ዛሬ ደከመ» የሚል ነው። ከመፍረዳችን በፊት አንድ ነገር እንወቅ። ተራው አልካላይን ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሆን፥ የሚሞላው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት ነው። አራቱ ተከታትለው ሲገቡ የመጀመሪያው 6 ቮልት፥ ሁለተኛው 4.8 ቮልት ይሰጣል። እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ለአልካላይን ተብሎ በ4.8 ቮልት እንዲበራ የተሠራ ቢሆን፥ ገና ብዙ ኃይል ያለውን ድንጋይ «ደከመ» ይለዋል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው የድንጋይ ዓይነት መምረጫ ያለው እንደ ሆነ አስቀድመን እናስተካክል። ይህ ካልረዳ ምርመራውን በተራ እንቀጥል።

አንደኛ፥ እያንዳንዱን ድንጋይ መቆጣጠሪያው በርቶ ሳለ በቮልት መለኪያ እንለካ። ሥራ የፈታ ድንጋይ ደካማም ቢሆን ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሦስቱ 1.2 ቮልት አካባቢ ሲሆኑ አንዱ ከ1.0 በታች ከወረደ፥ በሽተኛው እርሱ ነው። ጠንካሮቹ በደካማው ውስጥ ኃይል ሲገፉ ዋልታው እስከ መገልበጥ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ጨርሶ ይበላሻል። ስለዚህ አሮጌና አዲስ፥ ወይም ሁለት ዓይነት ድንጋይ በአንድነት አይግባ።

ሁለተኛ፥ የአራቱን ድምር መቆጣጠሪያው ከሚቀበለው ጋር እናነጻጽር። ድምሩ 4.8 ሆኖ የሚደርሰው 4.4 ቢሆን፥ 0.4 ቮልት በመንገድ ጠፍቷል። የሚፈሰው 0.2 አምፔር ከሆነ፥ በኦም ሕግ መሠረት 2 ኦም መሰናክል አለ ማለት ነው። ጥፋቱ ድንጋዩን በሚነካው ብረት ላይ ነው። ነጭ ዱቄት ከታየ የፈሰሰ አልካላይ ስለ ሆነ፥ በጥቂት ኮምጣጤ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ፤ ቀጥሎም በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ። ዓይንና ቆዳ ይጠበቁ።

ሦስተኛ፥ መሙያውን እንመርምር። ሁለት ሁለቱን አጣምሮ የሚሞላ መሣሪያ አንዱን ሲያትረፈርፍ ሌላውን ሊያጎድል ይችላል። እያንዳንዱን ለብቻው የሚከታተል ይሻላል።

አራተኛ፥ የተቀመጠበትን ጊዜ እንቁጠር። የቀድሞው ዓይነት ሳይሠራበትም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ኃይል ያጣል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበው አዲሱ ዓይነት ግን ከዓመት በኋላም አብዛኛውን ይዞ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ዕድሜውን በሒሳብ እንፈትን። 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ድንጋይ 100 ሚሊ አምፔር ለሚወስድ መቆጣጠሪያ 20 ሰዓት ያህል ሊበቃ ይገባል። 8 ሰዓት ብቻ ከሠራ የቀረው አቅም 800 ነው፤ ጡረታው ደርሷል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የማይሞላውን አልካላይን ለመሙላት አይሞከር፤ ሊፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። እንዲሁም መልኩና ልኩ ከተራው ድንጋይ ጋር አንድ የሆነ 3.7 ቮልት የሊቲየም ድንጋይ አለ፤ አራቱ 14.8 ቮልት ስለሚሆኑ መቆጣጠሪያውን ያቃጥሉታል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጽሑፉ ይነበብ።

ለመለማመጃ ይህን እንተውላችሁ። መቆጣጠሪያው በርቶ ሳለ አራቱ ድንጋዮች 1.24፥ 1.23፥ 1.25ና 0.86 ቮልት አሳዩ፤ ለመቆጣጠሪያው የደረሰው 4.56 ቮልት ነው። ጥፋቱ በብረቱ ነው ወይስ በድንጋዩ? ድምሩን የሠራ ተማሪ አራቱንም አይጥልም።